ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ቃል፤ የጾታዊ ጥቃት ተጎጂዎች የሕክምና መረጃ አያያዝ ከኮልፌ ቀራኒዮ አንጻር ሲታይ

(ሐተታ)

በ2007 ዓ.ም. መስከረም ወር በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ አየር ጤና አካባቢ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ታክሲ እንደተሳፈረች ታፍና ተወሰደች። ለቀናት በተያዘችበት ቤት በቡድን የተፈጸመባት የአስገድዶ መድፈር ወንጀል ለሕልፈቷ ምክንያት ሆነ። በቀጣዩ ጥቅምት ወር በሆስፒታል ተኝታ በመታከም ላይ ሳለች ሕይወቷ አልፏል። ድርጊቱ በመላው አገሪቱ ከፍተኛ ቁጣ የቀሰቀሰ ሲሆን፣ በወንጀሉ የተከሰሱት አምስት ሰዎችም ጥፋተኛ ተብለው በእስራት ተቀጥተዋል።

በወቅቱ የኅብረተሰቡን ትኩረት የሳቡት የወንጀሉ አሰቃቂነትና የቅጣቱ መጠን ነበሩ። ይሁንና ከዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ጀርባ ብዙም የማይወሳ አንድ ሥራ አለ። ተጎጂዋ ከጤና ተቋም ደጅ ስትደርስ ማን ይጠይቃታል? የተናገረችው ቃልና በሰውነቷ ላይ የታየው ምልክት በምን መልክ ይመዘገባል? መዝገቡስ የት ይቀመጣል፣ ማንስ ያየዋል? የዚህ ሐተታ ትኩረት እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው። የሟቿ ስም በወቅቱ በየመገናኛ ብዙኃኑ የተነገረ ቢሆንም፣ የተነሳው ጉዳይ የምስጢር ጥበቃ በመሆኑ እዚህ መድገሙ አላስፈለገም።

ጥያቄዎቹ ለኮልፌ ቀራኒዮ እንግዳ አይደሉም። ክፍለ ከተማው በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ከ400 ሺህ በላይ ነዋሪዎች የተመዘገቡበትና በወቅቱ ከነበሩት አሥር ክፍላተ ከተሞች ከፍተኛ የሕዝብ ብዛት የነበረው ነው። ከአጠና ተራ እስከ አለም ባንክ፣ ከዘነበወርቅ እስከ አየር ጤና በተዘረጋው በዚህ ሰፊ አካባቢ የጥቃት ሰለባ የሆነች ሴት ወይም ሕፃን በመጀመሪያ የምትደርሰው በአብዛኛው በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ነው። የመረጃው ጉዞም ከዚያ ይጀምራል።

ዝምታን የሰበሩት ጥቂቶች ናቸው

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል 23 በመቶ የሚሆኑት አካላዊ፣ 10 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ጥቃት ከደረሰባቸው ውስጥ 66 በመቶ ያህሉ እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም ሰው አልተናገሩም። ይህ ማለት ወደ ጤና ተቋም የሚመጡት ፍርሃትንና ሐፍረትን ተሻግረው የመጡ ጥቂቶች ናቸው ማለት ነው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ሆኖም ሕመምን ለመግለጥ የሚገልጡለት ሰው ምስጢር ጠባቂ መሆኑን ማመን ያስፈልጋል። አንዲት ልጅ የተናገረችው ነገር በማግሥቱ በሠፈር ከተሰማ፣ ጉዳቱ በእርሷ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ነገ ወደዚያው ጤና ጣቢያ መምጣት የነበረባት ሌላዋ ተጎጂም በዚያው ትቀራለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ያለ ጥንቃቄ የወጣ የሕክምና መረጃ ተመልሶ አይሰበሰብም።

አንድ መረጃ፣ ሦስት ሥራ

የተጎጂዎች የሕክምና መረጃ በአንድ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ያገለግላል። የመጀመሪያው ሕክምናው ራሱ ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስ እንዳይተላለፍ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት ጥቃቱ በተፈጸመ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት መወሰድ ይኖርበታል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ደግሞ እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊሰጥ የሚችል ሲሆን፣ ቶሎ በተወሰደ መጠን ውጤታማነቱ ከፍ ይላል። የኤች አይ ቪ ምርመራው ከሳምንታትና ከወራት በኋላ መደገም አለበት። ስለዚህ ሰዓቱን በትክክል ያልያዘና ለክትትል የማያመች መዝገብ በቀጥታ ጤናን ይጎዳል።

ሁለተኛው ፍትሕ ነው። በዚህ ዓይነቱ ወንጀል የዓይን ምስክር የሚገኘው ከስንት አንዴ በመሆኑ፣ ሐኪሙ በመጀመሪያው ዕለት የጻፈው ማስታወሻ ከወራት በኋላ በችሎት ፊት ከሚቀርቡት ዋነኛ ማስረጃዎች አንዱ ይሆናል። ሦስተኛው ዕቅድ ነው። የትኛው ጤና ጣቢያ ምን ያህል መድኃኒት፣ ምን ያህል የሠለጠነ ባለሙያ እንደሚያስፈልገው የሚታወቀው ከተጠናቀረ አኃዝ ነው።

እነዚህ ሦስት ሥራዎች ግን አንድ ዓይነት መረጃ አይሹም። ለሐኪሙ የተጎጂዋ ማንነትና ሙሉ የጤና ታሪክ ያስፈልገዋል። ለዓቃቤ ሕግና ለፍርድ ቤት ከተፈጸመው ድርጊት ጋር የተያያዘው ግኝትና የተወሰደው ናሙና ይበቃል። ለዕቅድ ክፍል ደግሞ ከቁጥር በቀር ሌላ አያስፈልገውም። ችግር የሚፈጠረው ሦስቱ በአንድ መዝገብ ሲቀላቀሉና መዝገቡ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለሁሉም ክፍት ሲሆን ነው። የጥንቃቄው ሥራ መጀመሪያም ሦስቱን መለየት ነው።

የሕግ ማዕቀፉ

በአገራችን በዚህ ረገድ የሕግ ክፍተት አለ ለማለት አያስደፍርም። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርና መጠበቅ መብትን፣ በአንቀጽ 35 የሴቶችን፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ የሕፃናትን መብት ደንግጓል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን መግለጥ በወንጀል የሚያስጠይቅ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው የግል መረጃዎች መካከል መድቧል።

በአሠራር ላይ ሲዘነጋ የሚታይ አንድ ድንጋጌም አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 እርግዝናው የመደፈር ውጤት በሆነ ጊዜ ጽንስ ማቋረጥን የፈቀደ ሲሆን፣ አንቀጽ 552 ደግሞ ለዚህ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ መሆኑን ይገልጻል። በመሆኑም የፖሊስ ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት ካላመጣሽ ካርድ አይወጣልሽም ማለት ሕጉ ያልጠየቀውን ማስረጃ መጠየቅ ይሆናል። ለሕክምናውም ቢሆን የ72 ሰዓቱ ቆጠራ የደብዳቤ ምልልስን አይጠብቅም።

ዕድሜ፣ ሰዓትና ስም

የመረጃ ጥራት ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው ዘመናዊ ኮምፒውተር ነው። በተጨባጭ ግን አንድን ጉዳይ የሚያነሱትም የሚጥሉትም በካርድ ላይ የሚሰፍሩ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው።

ዕድሜን እንውሰድ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 መሠረት ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች በሆነ ሕፃን ላይ የግብረ ሥጋ ድፍረት የፈጸመ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ተጎጂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ከሆነች በአንቀጽ 626 የተመለከተው ቅጣት ከሦስት ዓመት የሚጀምር ነው። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ እንደመሆኑ፣ የልደት ምስክር ወረቀት የሌላቸው ልጆች በርካታ ናቸው። በዚህ ጊዜ በጤና ተቋሙ ካርድ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ትልቅ ክብደት ያገኛል። የሁለቱ ዘመን አቆጣጠሮች ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። ይህን ሳያስተውል የልደት ዘመንን የሚያቀያይር ባለሙያ የአንድ ዓመት ስሕተት ይሠራል፤ የ12 ዓመቷን ልጅ 13 ያደርጋታል። በዚህች አንዲት ቁጥር የተነሳ የቅጣቱ መነሻ ከ13 ዓመት ወደ ሦስት ዓመት ሊወርድ ይችላል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። በካርዱ ላይ «8፡00» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው ወይስ በውጭ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት? በሁለቱ መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። መድኃኒቱ በጊዜው ተጀምሯል ወይ የሚለውንም ሆነ ተከሳሹ በዚያ ሰዓት የት ነበር የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ስድስት ሰዓት ቀላል አይደለም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ መጻፍ።

ስምን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያውያን የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አንጠቀምም። ፀሐይ የሚለው ስም በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፣ በተለያየ ሐ ሊጻፍ ይችላል። በላቲን ፊደል ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ደግሞ መልኩ የበለጠ ይበዛል። ስለዚህ አንዲት ታካሚ በካርድ ክፍል ሁለት ሰው ሆና ልትመዘገብ፣ የመጀመሪያው ቀን የምርመራ ውጤቷም ከሦስተኛው ወር ውጤቷ ጋር ሳይገናኝ ሊቀር ይችላል። ሁለት ስመ ሞክሼዎች ተቀላቅለው የአንዷ ምስጢር በሌላዋ ካርድ ላይ ቢገኝ ደግሞ የባሰ ነው። መለያው ስም ሳይሆን የሕክምና መዝገብ ቁጥር መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የተገኘው ይጻፍ፣ ያልተገኘው አይፈረድ

ሐኪሞች ካርድ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ በአዲስ አበባ የሚያስችለው ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። መጫር፣ መቦጨቅ፣ መሰንጠቅና መበለዝ በሕክምና ቋንቋ የተለያዩ ጉዳቶች ናቸው። በትርጉም ሂደት ሁሉም «ቁስል» ተብለው ከቀረቡ፣ በምን ዓይነት ኃይል እንደደረሱ የሚናገረው ማስረጃ ይጠፋል። የጉዳቱ ዓይነት፣ መጠን በሴንቲ ሜትር፣ ቀለምና በሰውነት ሥዕል ላይ የሚገኝበት ቦታ ተለይቶ ቢመዘገብ ግን ከትርጉም በኋላም ይተርፋል።

በሕክምና ማስረጃ ላይ ስለ ድንግልና የሚሰፍሩ ሐረጎችም ሊጤኑ ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤትና ከዩ.ኤን. ውሜን ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ባወጣው መግለጫ የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የሌለውና ሊቀር የሚገባው መሆኑን አስታውቋል። በአካል ላይ ጉዳት አለመታየቱም ጥቃት አለመፈጸሙን አያሳይም፤ በዛቻ ወይም በድንጋጤ የተያዘች ሴት ላትታገል ትችላለች። ስለሆነም ባለሙያው ያየውን፣ የሰማውንና የወሰደውን ናሙና እንጂ «ተደፍራለች» ወይም «አልተደፈረችም» የሚል ፍርድ መጻፍ አይጠበቅበትም። ፍርዱ የችሎት ነው። የተጎጂዋ ቃልም በባለሙያው አነጋገር ሳይለወጥ፣ ራሷ እንደተናገረችው በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ቢሰፍር ይመረጣል።

ከአየር ጤና እስከ ከተማው መሐል

ከአሥር ዓመታት በላይ በፊት በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ የጀመረው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍን፣ የፖሊስ ምርመራንና የዓቃቤ ሕግን ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበ ነው። የዚህ አሠራር አንዱ ትልቅ ጥቅም ተጎጂዋ ታሪኳን በየቢሮው ደጋግማ ከመናገር መዳኗ ነው።

ማዕከሉ የሚገኘው በከተማዋ መሐል እንደመሆኑ፣ ከአየር ጤና ወይም ከአለም ባንክ የተነሳች ተጎጂ በጦር ኃይሎችና በሜክሲኮ በኩል አቋርጣ ትደርሳለች። በአካባቢዋ ጤና ጣቢያ የመጀመሪያ እርዳታ አግኝታ የሪፈር ወረቀት ይዛ ከሄደች መረጃዋ አብሯት ተጓዘ ማለት ነው። ወረቀቱ ያልታሸገ ከሆነ በመንገድ ላይ ያጋጠመ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። የመድኃኒት መጀመሪያ ሰዓት ያልተጻፈበት ከሆነ ደግሞ ተቀባዩ ሐኪም ሁሉንም እንደገና ይጠይቃታል። በፖስታ የታሸገ፣ ምን እንደተሰጣትና መቼ እንደተሰጣት የሚገልጽ፣ ተቀባዩ መድረሷን መልሶ የሚያረጋግጥበት አንድ ገጽ ቅጽ ይህን ሁሉ ሊያስቀር ይችላል።

የክትትል ጥሪም ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ለቀጠሮ ማስታወሻ በተመዘገበው ቁጥር ሲደወል ስልኩን የሚያነሳው ጥቃቱን የፈጸመው የቤተሰብ አባል ሊሆን ይችላል። በካርዱ ላይ ከስልክ ቁጥሩ ጎን በየትኛው ሰዓት መደወል እንደሚቻልና ሌላ ሰው ቢያነሳ ምን እንደሚባል መመዝገብ የተጎጂዋን ሕይወት እስከ መጠበቅ ይደርሳል።

ሪፖርት ጠያቂው ኃላፊ

የመረጃ መባከን ሁልጊዜ ከካርድ ክፍል አይመነጭም። ከላይ ከሚመጣ ጥያቄም ይመጣል። የክፍለ ከተማና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ለዕቅድ አፈጻጸም ግምገማ የተጎጂዎችን ዝርዝር ከነስማቸውና ከነአድራሻቸው ሲጠይቁ፣ የጤና ጣቢያው ባለሙያ በአለቃው ትእዛዝና በሙያ ምስጢሩ መካከል ይወድቃል። ዝርዝሩ አንድ ጊዜ በስብሰባ ከተበተነ ወይም በቴሌግራም ከተላከ በኋላ ማን ዘንድ እንደደረሰ ማወቅ አይቻልም።

ስም ባይጻፍ እንኳ ቁጥር ራሱ ምስጢር የሚያወጣበት ጊዜ አለ። በአንድ ወረዳ የወሩ ሪፖርት ላይ «ዕድሜዋ 9 ዓመት፣ አንድ ተጎጂ» ተብሎ ቢወጣ የአካባቢው ሰው ማን እንደሆነች ለማወቅ አይቸገርም። ወንድ ልጆችም የዚህ ጥቃት ሰለባ ስለሚሆኑና ቁጥራቸው በሪፖርት ላይ አነስተኛ ስለሆነ ለመታወቅ ይበልጥ ይጋለጣሉ። በዚህ ምክንያት አነስተኛ አኃዞች በወረዳና በወር ከመቅረብ ይልቅ በክፍለ ከተማና በሩብ ዓመት፣ በሰፋ የዕድሜ ክልል ተጠቃለው ቢቀርቡ ይመረጣል። ቁጥሩ በአንድ ሩብ ዓመት ከፍ ማለቱም ወንጀሉ ጨምሯል ማለት ላይሆን ይችላል። አገልግሎቱ ታምኖ ብዙዎች መምጣታቸውን ሊያሳይ ስለሚችል፣ ኃላፊዎች «ቁጥሩ ለምን ጨመረ» ብለው ባለሙያውን ከመውቀሳቸው በፊት ሊያጤኑት ይገባል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 በኬፕታውን አቅራቢያ የጀመረቻቸው ቱቱዜላ የተሰኙ የእንክብካቤ ማዕከላት፣ እንዲሁም ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2009 በኪጋሊ የካቺሩ ፖሊስ ሆስፒታል ያቋቋመችው ኢሳንጌ ማዕከል በአህጉራችን ለዚህ አሠራር በአርአያነት ይጠቀሳሉ። ጎረቤት ኬንያ ደግሞ ከመደፈር በኋላ ለሚሰጥ ሕክምና ወጥ የሆነ አገር አቀፍ ቅጽ አላት። ቅጹ በሦስት ቅጂ ይሞላል፤ አንዱ ለፖሊስ፣ አንዱ ለተጎጂዋ ሲሰጥ አንዱ በጤና ተቋሙ ይቀራል። በዚህም የአንዱ ቅጂ መጥፋት ጉዳዩን አያጠፋውም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረውና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘንድ በሥራ ላይ የዋለው የጾታዊ ጥቃት መረጃ አያያዝ ሥርዓትም የሚያስተምረው አለ። በዚህ ሥርዓት የተጎጂዋ ዝርዝር መረጃ አገልግሎቱን ከሰጣት ተቋም አይወጣም። ስም በኮድ ይተካል፤ ኮዱን ከስሙ የሚያገናኘው ሰነድ ለብቻው ይቆለፋል። ለሌላ አካል የሚተላለፈው የተጠቃለለ አኃዝ ብቻ ሲሆን፣ ይህም ቀደም ሲል በተፈረመ የመረጃ ልውውጥ ስምምነት መሠረት ነው።

ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር

የጤናው ዘርፍ የመረጃ አብዮትን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው የትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ዋነኛ አጀንዳ አድርጎ ሲንቀሳቀስ ቆይቷል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህም ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተሰኘው ሶፍትዌር ለሪፖርት በሰፊው ሥራ ላይ ውሏል። የሕክምና ካርድንም ወደ ኮምፒውተር የማዛወሩ ሥራ በተለያዩ ሆስፒታሎች እየተስፋፋ ነው። ይህ የሚደገፍ ነው፤ ካርድ ይጠፋል፣ በዝናብ ይበሰብሳል፣ በእሳት ይጋያል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት በርካታ ጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙ የታካሚዎች መዝገብም አብሮ ጠፍቷል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረጉት የጣምራ ምርመራ ሪፖርት በጦርነቱ የተፈጸሙ ወሲባዊ ጥቃቶችን መዝግቧል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ተግባራዊ ሲሆን ከሚጠየቁት ማስረጃዎች መካከል በየጤና ተቋሙ የተረፉት መዝገቦች እንደሚገኙበት አያጠራጥርም።

ኮምፒውተር ግን የራሱ አደጋ አለው። አንድ ካርድ በመደርደሪያ ላይ ሲሆን ሊያነበው የሚችለው እዚያ የደረሰ ሰው ብቻ ነው። በኔትወርክ ላይ ሲሆን የይለፍ ቃል ያለው ሁሉ ከየትኛውም ክፍል ሊከፍተው ይችላል። አንድ የይለፍ ቃል ለመላው ተረኛ ቡድን የሚያገለግል ከሆነ ደግሞ ማን እንደከፈተው ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የጥቃት ተጎጂዎች መዝገብ ከሌላው የታካሚ መዝገብ ተለይቶ የሚቆለፍበት፣ የከፈተው ሰው ስምና ሰዓት ራሱ የሚመዘገብበት ሥርዓት ከመጀመሪያው በሶፍትዌሩ ውስጥ ሊካተት ይገባል። በኋላ እንጨምረዋለን ማለት ዋጋ ያስከፍላል።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ አብዛኞቹ ተጨማሪ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። በካርድ ላይ የዘመንና የሰዓት አቆጣጠርን መግለጽ፣ የሪፈር ወረቀትን በፖስታ ማሸግ፣ የአስተማማኝ ጥሪ ሰዓትን መመዝገብ፣ የተጎጂዎችን መዝገብ ለይቶ ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን ማስቀመጥና ቁልፉን የሚይዘውን ሰው በጽሑፍ መወከል ዛሬውኑ ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው። ካርድ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያመላልሱ ሠራተኞችም የምስጢር ጠባቂነት ግዴታቸውን ፈርመው ሊይዙት ይገባል፤ ምስጢር የሚወጣው በሐኪሙ ብቻ አይደለምና።

ቅንጅት የሚጠይቁም አሉ። ጤና ቢሮ፣ ፖሊስ፣ ዓቃቤ ሕግና የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መዋቅር የትኛውን መረጃ ማን ለማን፣ በምን መልክ እንደሚሰጥ የሚወስን አንድ የጋራ ስምምነት ቢኖራቸው፣ በየጊዜው በደብዳቤና በስልክ የሚነሳው ጭቅጭቅ ይቀራል። የሕክምና ማስረጃ ቅጹ በአማርኛም እንዲሞላ ሆኖ ቢዘጋጅ ችሎቱም ባለሙያውም ይጠቀማሉ።

በመጨረሻም ሪፖርት የሚጠይቅ ማንኛውም ኃላፊ ደብዳቤውን ከመፈረሙ በፊት ራሱን አንድ ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ይህን ስም ካላወቅሁ የትኛው ሥራዬ ይስተጓጎላል? የሚስተጓጎል ሥራ ከሌለ ስሙን መጠየቅ አያስፈልግም። የኮልፌ ቀራኒዮዋ ተማሪ በሞተችበት ወቅት ኅብረተሰቡ ድምፁን ከፍ አድርጎ ፍትሕ ጠይቋል። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ደጅ የሚደርሱት ልጆች የሚጠይቁት በአብዛኛው ድምፅ የሌለው ነው፤ የተናገሩት በትክክል እንዲጻፍላቸውና የተጻፈውም እንዲጠበቅላቸው። ይህን የማሟላት ኃላፊነት ከካርድ ክፍል ሠራተኛ ጀምሮ እስከ ቢሮ ኃላፊ ድረስ የሁሉም ነው።